ለሥራ የሄደ ሰው አገር ቢያይ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ፤ አንዱ ለትምህርት፤ አንዱ ለመንግሥት መልእክት፤ አንዱም ለመሳለም ወይም ለዕረፍት ይሄዳል። እነዚህ ምክንያቶች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲሆኑ የሚነቅፋቸው የለም። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ መንገድ የተገናኙ እንደ ሆነ፤ ይኸውም ለሥራ የተላከ ሰው ባለቤቱን ይዞ ሄዶ፤ ጉባኤው ሲፈጸም ጥቂት ቀን ጨምሮ አገር የጐበኘ እንደ ሆነ፤ ወዲያው ሐሜት ይነሣል። አንዳንዱ «ሥራው ምክንያት ነው እንጂ ዋናው ነገር ሽርሽሩ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከሄደ አይቀር አይቶ ይመለስ፤ ምን ክፋት አለበት» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገን የሚናገረው እውነት ያለበት ስለ ሆነ፤ ነገሩን በጥቂቱ መርምሮ ለአንባብያን መግለጥ የሚጠቅም መስሎ ታየን።

ምሳሌያችንን የምናመጣው ከጃፓን አገር ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። ፊተኛው፤ ዛሬ የአገራችንን ሹማምንትና ነጋዴዎች ወደዚያ የሚወስዳቸው ጕዳይ ብዙ ነው። ስለ አፍሪካ ልማት የሚመከርበት ጉባኤ በ1993 ዓ.ም. በቶኪዮ ተጀምሮ፤ ከዚያ ወዲህ በ2008፥ በ2013፥ በ2019ና በ2025 ዓ.ም. በዮኮሃማ ከተማ ተደርጓል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ2015 ዓ.ም. ወደ ቶኪዮ መብረር ጀምሯል። ሁለተኛው፤ የጃፓን ሰዎች ሥራንና ዕረፍትን፥ ባልንና ሚስትን በአንድ መንገድ ስለ ማገናኘት ብዙ ዘመን የተፈተኑበት ታሪክ ስላላቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አሳባችንን አስቀድመን በግልጥ እንናገር። ለሥራ የሄደ ሰው ከባለቤቱ ጋራ አገር ቢጐበኝ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ሳያይ ቢመለስ ጕዳት ነው። ነውሩ ያለው የሥራውንና የዕረፍቱን ወሰን በመደበቅ ነው። አባቶቻችን «ካያያዝ ይቀደዳል፤ ካነጋገር ይፈረዳል» እንዳሉት ሁሉ፤ ይህም ነገር የሚያምረው ወይም የሚቀደደው ከአያያዙ ነው።

በጃፓን አገር ባልና ሚስት አብረው መንገድ መሄድ እንደ ዛሬው ቀላል ያልነበረበት ዘመን ነበረ። አገሪቱን ከኤዶ ከተማ፤ ከዛሬዋ ቶኪዮ፤ ሆነው ይገዙ የነበሩት ሾጉን የተባሉት የጦር አለቆች፤ በ1635 ዓ.ም. ባወጡት ሥርዓት መሳፍንቱ ሁሉ በየተራ ኤዶ እየመጡ እንዲቀመጡ አዘዙ። መስፍኑ ወደ ግዛቱ በሚመለስበት ጊዜ ግን ሚስቱና አልጋ ወራሹ ልጁ እንደ መያዣ ሆነው በኤዶ ይቀራሉ። ስለዚህ ከኤዶ እስከ ኪዮቶ በሚደርሰውና 53 ማደሪያ በነበረው በቶካይዶ መንገድ ላይ፤ መስፍኑ ከብዙ ጭፍራ ጋራ ሲያልፍ ሚስቱ አብራው አትታይም። በዚሁ መንገድ ላይ ሐኮኔ በተባለው ተራራማ ስፍራ የቆመው ኬላ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ከኤዶ የምትወጣ ሴትን ነበረ። ሴቲቱ የመሳፍንት ሚስት ሆና ተሸሽጋ እንዳትወጣ፤ ሴቶች መርማሪዎች ጠጕሯን ሳይቀር እየፈቱ ይመረምሯት ነበረ። እንግዴህ በዚያ ዘመን የባል የመንግሥት ጕዞ ማለት ከሚስት መለየት ማለት ነበረ።

ለተራው ሕዝብም ቢሆን እንዲሁ ለመንሸራሸር ብሎ ከቀዬው መውጣት አይፈቀድለትም ነበረ። የይለፍ ወረቀት ከሚያሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው በኢሴ ያለውን ታላቁን መቅደሳቸውን መሳለም ነበረ። ስለዚህ ሕዝቡ ብልሃት ፈጠረ። የመንደሩ ሰዎች ማኅበር ያቆሙና በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ከዚያም ዕጣ ተጥሎ ዕጣው የወጣለት ሰው በሁሉም ስም ይሄዳል። ይህን የሚሰማ የአገራችን ሰው ዕቁባችንን ሳያስብ አይቀርም። ያም የተላከ ሰው ኢሴን ከተሳለመ በኋላ በዚያው መንገዱን አስረዝሞ ኪዮቶንና ናራን፥ ኦሳካንም አይቶ ይመለስ ነበረ። ነገር ግን ባዶ እጁን አይመለስም። ገንዘብ ላዋጡለት ሁሉ ከመቅደሱ የተቀበለውን ክታብና ልዩ ልዩ ትንንሽ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ያየውንም ቁጭ ብሎ ይነግራቸዋል። ዛሬ በጃፓን ማናቸውም ሰው ከመንገድ ሲመለስ ለሥራ ባልደረቦቹ የሚያመጣው «ኦሚያጌ» የሚባለው ስጦታ ሥሩ ከዚህ ልማድ ጋራ የተያያዘ ነው ይባላል። እኛም ዘንድ ከኢየሩሳሌም የተመለሰ ተሳላሚ ለጐረቤቱ በረከት ይዞ መምጣቱን ካህናት አንባብያን ያውቃሉ።

ከዚህ ልማድ አንድ ታላቅ ነገር እንማራለን። በሌላ ሰው ገንዘብ የሄደ መንገደኛ፤ በመንገዱ ላይ ደስ ቢለው የሚቀየመው የለም፤ ነገር ግን ለላኩት ሰዎች ዕዳ አለበት። ዕዳውም ተልኮ የሄደበትን መፈጸም፤ ካየውም ነገር ድርሻቸውን ይዞላቸው መመለስ ነው።

ባልና ሚስት አብረው ስለ ሄዱበት ጕዞም ጃፓኖች በደስታ የሚያነሡት አንድ ታሪክ አለ። ሳካሞቶ ርዮማ የሚባለው ሳሙራይ በ1866 ዓ.ም. ሲጠላሉ የነበሩትን የሳትሱማንና የቾሹን ግዛቶች አስታርቆ እንዲተባበሩ አደረገ፤ ይህም ትብብር ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሾጉኖችን መንግሥት ለመገልበጥ የበቃ ነው። ውሉ በተፈጸመ በጥቂት ቀን ውስጥ የመንግሥቱ ወታደሮች ርዮማ ባደረበት ቤት ሌሊት መጡበት። ኦርዮ የምትባለው ሴት፤ በኋላ ሚስቱ የሆነችው፤ ገላዋን ስትታጠብ መምጣታቸውን ዐውቃ ወደ ላይ ሮጣ ስለ ነገረችው፤ እጁን ቈስሎ አመለጠ። ከዚህ በኋላ ወዳጆቹ ስለ መከሩት፤ ቍስሉ እስኪሽርለት ድረስ ከኦርዮ ጋራ በመርከብ ወደ ሳትሱማ ሄዶ በኪሪሺማ ተራራ ፍል ውሃ እየታጠቡ ሰነበቱ። ታካቺሆ የሚባለውንም ተራራ አብረው ወጡ፤ ርዮማም የተራራውን ሥዕል ጭምር በደብዳቤ አድርጎ ለእኅቱ ላከላት። ብዙ ሰዎች ይህን ጕዞ በጃፓን አገር የመጀመሪያው የሙሽሮች ሽርሽር ይሉታል።

ልብ ማለት የሚገባው ግን ይህ ነው። ርዮማ በናጋሳኪ የመርከብና የንግድ ማኅበር ያቋቋመ ሰው ነበረ፤ የሄደበትም የሳትሱማ ግዛት የሥራው ባልንጀራ ነበረ። ስለዚህ ሥራውና ዕረፍቱ በአንድ መንገድ ተገናኙ። ነገር ግን ዕረፍቱ የመጣው ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ ያረፈውም ቈስሎ ስለ ነበረ ነው፤ ይዟት የሄደውም ሴት ሕይወቱን ያተረፈችለት ናት። ይህን የመሰለውን ዕረፍት ማን ይነቅፈዋል?

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይበልጣል። አዲሱ የሜጂ መንግሥት ከቆመ በኋላ፤ በታኅሣሥ 1871 ዓ.ም. በኢዋኩራ ቶሞሚ የሚመራ ታላቅ የመልእክተኞች ጓድ ከዮኮሃማ ተነሥቶ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደ። ከዋናዎቹ መልእክተኞች ኦኩቦ ቶሺሚቺ፥ ኪዶ ታካዮሺና ኢቶ ሂሮቡሚ ይገኙበታል። ዋናው ጕዳይ ከውጭ መንግሥታት ጋራ የተደረጉትን ያልተካከሉ ውሎች ለማሻሻል ነበረ። ይህ ጕዳይ ግን አልሆነላቸውም፤ የውጭ አገር ሰዎች በጃፓን ፍርድ እንዳይዳኙ የሚያደርገው ውል የተሻረው ብዙ ቈይቶ በ1899 ዓ.ም. ነው። በጕዳዩ ብቻ ቢመዘን እንግዴህ ያ ሁሉ ወጪ ከንቱ ነበረ ማለት ነው።

ነገር ግን መልእክተኞቹ ከንግግሩ በተረፈው ጊዜ ፋብሪካውን፥ ትምህርት ቤቱን፥ ማተሚያ ቤቱን፥ ሆስፒታሉን፥ ወህኒ ቤቱን ሳይቀር እየዞሩ ያዩ ነበረ። ኩሜ ኩኒታኬ የሚባለው ጸሓፊያቸውም ያዩትን ሁሉ መዝግቦ በ1878 ዓ.ም. በአምስት ክፍል አሳተመው። በሄዱበት አገር ሁሉ ስለ ክርስቲያኖች ስደት ይወቀሱ ስለ ነበረ፤ መልእክተኞቹ ገና ሳይመለሱ በየካቲት 1873 ዓ.ም. ክርስትናን የሚከለክለው የአዋጅ ሰሌዳ ከየአደባባዩ ተነሣ። ከጓዱም ጋራ ለትምህርት የተላኩ አምስት ልጃገረዶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ታናሺቱ ጹዳ ኡሜኮ ከአገሯ ስትወጣ ገና ስድስት ዓመቷ ነበረ። ይህች ልጅ በአሜሪካ ተምራ ተመልሳ በ1900 ዓ.ም. ለሴቶች የከፍተኛ ትምህርት ቤት አቋቋመች። ከሐምሌ 2024 ዓ.ም. ጀምሮ መልኳ በ5,000 የን የጃፓን ገንዘብ ላይ ታትሞ ይታያል። እንግዴህ ከዚያ ጕዞ ጕዳዩ ቀረ፤ ያዩት ግን አገር አቀና።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ታሪክ ብናስታውስ ከነገሩ መውጣት አይሆንብንም። በ1930 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በጃፓን መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ከተፈረመ በኋላ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. በመንግሥት መልእክት ወደ ጃፓን ሄዱ። የሄዱበትም ጕዳይ የመንግሥት ነበረ። ነገር ግን እሳቸው ጕዳዩን ፈጽመው ዝም አላሉም፤ ያዩትንና የሰሙትን ጽፈው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል ስም በ1932 ዓ.ም. አሳተሙት። ብዙ የመንግሥት ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ተረስቶ ሲቀር፤ ይህ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። መልእክተኛ አገር ማየቱ ለአገሩ የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው።

እስካሁን የተናገርነው የነገሩን በጎ ወገን ነው። ክፉው ወገንም አለ፤ ይህንንም ጃፓኖች በራሳቸው ላይ አይተውታል። በዚያ አገር ነጋዴ ሹሙን ማታ ማታ በምግብ ቤት እየጋበዘ፥ ኳስ ወደሚጫወትበትም መስክ እየወሰደ ጕዳዩን ማስፈጸሙ የቈየ ልማድ ነበረ። ግብዣውም እንደ ሥራ፤ ሥራውም እንደ ግብዣ ይቈጠር ነበረ። በ1998 ዓ.ም. ግን የገንዘብ ሚኒስቴርና የጃፓን ባንክ ሹማምንት ከሚቈጣጠሯቸው ባንኮች ግብዣ በመቀበላቸው ተይዘው ተከሰሱ፤ የገንዘብ ሚኒስትሩም የባንኩም ገዢ ሥራቸውን ለቀቁ። ከገዛ እጃቸው ጉቦ የቈጠረ ሰው ጥቂት ይሆን ይሆናል፤ ነገር ግን እራት በእራት እየተጨመረ፤ ተቈጣጣሪውና ተቈጣጣሪው ማን እንደ ሆነ እስከማይለይ ደረሰ።

ጃፓኖች ከዚህ በኋላ በ1999 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን የሥነ ምግባር ሕግ አወጡ፤ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግና በደንቡ መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ ጕዳዩ በእጁ ከሆነ ሰው ገንዘብና ስጦታ አይቀበልም፤ ከዚያው ሰው ጋራ የራሱን ድርሻ ቢከፍል ስንኳ ለመዝናናት አብሮ መንገድ አይሄድም። ከእንዲህ ያለው ሰው ጋራ የራሱን ከፍሎ ሲመገብ፤ ዋጋው ከ10,000 የን የሚያልፍ ከሆነ አስቀድሞ ያስታውቃል። ደረጃው ከፍ ያለ ሹም ደግሞ ከነጋዴ የተቀበለው ስጦታ ወይም ግብዣ ከ5,000 የን ባለፈ ቍጥር በጽሑፍ ያመለክታል። ከመልእክተኞቹ ጋራ የሄደችው የትንሿ ልጅ መልክ ያለበት አንዲቱ ወረቀት ዛሬ የወሰኑ ልክ ሆናለች ማለት ነው።

በእኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚባል ተረት አለ። ይህ ተረት ብዙ ሰው አጥፍቷል። የመንግሥትን ጕዞ እንደ መብል የሚያይ ሰው ይህን ተረት በልቡ የያዘ ነው። ነገር ግን ሌላም ተረት አለን፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። በሰው ገንዘብ ሚስቱን ያንሸራሸረ ሰው፤ ሚስቱን ያከበረ ይመስለዋል እንጂ የሐሜት ባልንጀራ አደረጋት።

ደግሞ ሌላ ጥፋት አለ፤ እርሱም ፈጽሞ አለማረፍ ነው። ጃፓኖች ከሥራ ብዛት የተነሣ የሚመጣውን ሞት «ካሮሺ» ብለው ስም እስኪሰጡት ድረስ ደርሰዋል። በ2014 ዓ.ም. ይህን ሞት ለመከላከል ሕግ አወጡ። ከሚያዝያ 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዐሥር ቀንና ከዚያ በላይ የዓመት ዕረፍት ላለው ሠራተኛ፤ ቢያንስ አምስቱን ቀን እንዲያርፍ ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ሆኗል። በትጋቱ ዓለም የሚመሰክርለት ሕዝብ፤ ዕረፍትን በሕግ ማዘዝ አስፈልጎታል። ስለዚህ «እኔ በጃፓን ዐሥር ቀን ስቀመጥ ከጉባኤ አዳራሽ በቀር ምንም አላየሁም» ብሎ የሚመካ ሰው፤ ትጋቱን እናመሰግናለን እንጂ ጥበቡን አናመሰግንም።

እንግዴህ መካከለኛው መንገድ የትኛው ነው? ነገሩን በአሳብ ብቻ እንዳንተወው፤ አንድ ሰው ከባለቤቱ ጋራ ለአምስት ቀን የንግድ ንግግር ወደ ቶኪዮ ይሄዳል እንበል።

መጀመሪያ የሚሄድበትን ወራት ይመርምር። በጃፓን ከሚያዝያ ማለቂያ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ድረስ በዓላት ተከታትለው ይመጣሉ፤ በነሐሴ አጋማሽ ሰው ሁሉ ሙታኑን ለማሰብ ወደ ትውልድ ስፍራው ይሄዳል፤ በአዲስ ዓመታቸውም፤ ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 3 ቀን፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። በእነዚህ ቀኖች የሥራ ቀጠሮ የያዘ ሰው ሥራውን አስቀድሞ ሽርሽር አድርጎታል።

ከዚያም የሥራውን ቀን አስቀድሞ፤ የዕረፍቱን ቀን ኋላ ያድርግ። ጃፓኖች ቀጠሮ በደቂቃ ያከብራሉ፤ በመጀመሪያ ሲገናኙም ስሙ የተጻፈበትን ካርድ በሁለት እጅ ይሰጣሉ፥ በሁለት እጅ ይቀበላሉ፥ አንብበውም በአክብሮት ያስቀምጡታል። ልቡ በሽርሽር ያለ ሰው ይህን ሁሉ ያፈርሳል። ንግግሩ ካለቀ በኋላ ግን መንገዱ ቅርብ ነው። በ1964 ዓ.ም. የተከፈተው ፈጣኑ ባቡር ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ በሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ያደርሳል፤ ዋጋውም ለአንድ ሰው መሄጃው ብቻ ወደ 14,000 የን ነው። ኪዮቶ ከ794 ዓ.ም. ጀምሮ ከሺሕ ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት፤ ከእርሷም አጠገብ በናራ በ752 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የቡድሃ ምስል አለ። በሂሮሺማ ነሐሴ 6 ቀን 1945 ዓ.ም. የወደቀው የአቶም ቦምብ ያደረሰውን ጥፋት የሚያሳይ ቤት አለ። የቤተ ክርስቲያን ሰው የሆነም በቶኪዮ በ1891 ዓ.ም. የተፈጸመውን የኦርቶዶክሶች ካቴድራል ሊያይ ይችላል።

ስለ ባለቤቱም እንናገር። በጃፓን የንግድ እራት ላይ ሚስትን ይዞ መሄድ ብዙ ጊዜ የተለመደ አይደለም፤ ስለዚህ ሳትጠራ ይዟት ሄዶ እርሷንም ጋባዦቹንም አያሳፍር፤ አስቀድሞ ይጠይቅ። እርሷም ባሏ ከጉባኤ እስኪወጣ በማደሪያ ቤት ተዘግታ አትቀመጥ። ባል በአዳራሽ የሚሰማው የተዘጋጀ ንግግር ነው፤ ሚስት ግን በገበያው፥ በባቡሩ፥ በመንገዱ ሕዝቡ እንዴት እንደሚኖር ታያለች። ትንንሽ ልጆች ብቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፤ መንገደኛው ለባቡር ተሰልፎ ሳይጋፋ ሲቆም፤ ተማሪዎች የተማሩበትን ክፍል ራሳቸው ሲጠርጉ የሚያይ ዐይን ለአገር ይጠቅማል። ማታ ሁለቱ ተቀምጠው የየራሳቸውን ቢነጋገሩ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ ከሚያመጣው እጥፍ ይዘው ይመለሳሉ። ደግሞ በዛሬው ዘመን ባለ ጕዳይዋ ሚስቲቱ፤ ተከታዩም ባል ሊሆን እንደሚችል አንርሳ፤ የምንናገረውም ሕግ ለሁለቱም አንድ ነው።

ሕጉም ሦስት ቃል ነው። አንደኛው የኪስ ሕግ ነው። የሥራውን ወጪ ሥራው ይክፈል፤ የባለቤቱን የባቡር ዋጋ፥ የእርሷን መኝታና የተጨመሩትን ቀኖች ከራሱ ኪስ ይክፈል። ይህን ለመለየት በጃፓን ምንም ችግር የለም። ብዙው ማደሪያ ቤት ይልቁንም በፍል ውሃ አጠገብ ያለው የባህል ቤት የሚያስከፍለው በሰው ቍጥር ስለ ሆነ፤ የባልና የሚስት ድርሻ በግልጥ ይታወቃል። ገንዘብ ተቀባዩም ደረሰኝ ሲጠየቅ «በማን ስም ልጻፈው?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በእርሱ ውስጥ ነው። ይህ እራት በመሥሪያ ቤቴ ስም ነውን? ወይስ በእኔ ስም? መልሱን በፍጥነት ለመናገር የማይችል ሰው ቆሞ ያስብ።

ሁለተኛው የቀን ሕግ ነው። የተላከበት ቀን የላኪው ነው፤ የዕረፍቱ ቀን ከዓመት ዕረፍቱ ተቈርጦ በጽሑፍ የተፈቀደ ይሁን። ባልተፈቀደ ቀን የተደረገ ጕብኝት፤ ምንም በራሱ ገንዘብ ቢሆን፤ ከመንግሥት ጊዜ የተወሰደ ነው። በዕረፍቱም ቀን ቢሆን፤ ጕዳዩ በእጁ ያለ ነጋዴ «እኔ ላስጐብኝዎ» ቢለው አመስግኖ ይለፈው።

ሦስተኛው የቃል ሕግ ነው። ሲመለስ ንግግሩ ምን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ያየውንም ጽፎ ያቅርብ። ኢሴን ተሳልሞ የሚመለሰው ሰው ለማኅበርተኞቹ እንደሚያደርገው፤ የእኛም መንገደኛ ለላኩት ድርሻቸውን ይዞ ይምጣ። ስለ ባቡር ሰዓት አጠባበቅ፥ ስለ ቈሻሻ አጠራረግ፥ ስለ ደን አጠባበቅ ሁለት ገጽ ቢጽፍ፤ ከብዙ ፎቶግራፍ ይበልጣል። ካይዘን የሚባለው የጃፓን የአሠራር ዘዴ ወደ አገራችን ገብቶ በ2011 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት እስኪቋቋምለት የደረሰው፤ ሌሎች የሠሩትን በትጋት ከመመልከት ነው።

«ድኃ አገር ይህን ሁሉ አይችልም፤ ሹሙ ጕዳዩን ፈጽሞ በማግሥቱ ይመለስ» የሚል ሰው እንዳለ እናውቃለን። ይህ አሳብ ከቅንነት የመጣ ስለ ሆነ አንንቀውም። ስለ ገንዘቡም እውነት አለው፤ አገር ለሹም ሽርሽር አንድ ብር ማውጣት የለባትም፤ እኛም ይህን አላልንም። ነገር ግን የአውሮፕላኑ ዋጋ አንድ ጊዜ ከተከፈለ በኋላ፤ ሰውየው በራሱ ገንዘብና በራሱ ዕረፍት ሦስት ቀን ጨምሮ አይቶ ቢመለስ፤ አገሪቱ የምታጣው የለም፤ የምታተርፈው ግን አለ። ይህን በጅምላ መከልከል ሐሜቱን ያጠፋ ይመስላል እንጂ መደበቁን ያስተምራል። የተከለከለው ሰው ቀኑን በሐሰት ቀጠሮ ይሞላዋል፤ ደረሰኙንም በመሥሪያ ቤቱ ስም ያስጽፈዋል። በግልጥ የተፈቀደ ነገር ግን በግልጥ ይመረመራል።

ዛሬ ወደ ሐኮኔ የሚሄዱ ባልና ሚስት፤ ያ የጥንቱ ኬላ በቀድሞው መልኩ ታድሶ ቆሞ ያገኙታል። ሴትን ከባሏ ይለይ የነበረው በር አሁን የመጐብኛ ስፍራ ሆኗል፤ ሰውም ሳይከለከል እየተመላለሰ ከዚያ በሐይቁ ማዶ የፉጂን ተራራ ያያል። ያን የእንጨት በር ዘመን ሽሮታል፤ የገዛ ሕሊናውን በር ግን እያንዳንዱ መንገደኛ ራሱ ይጠብቀው። ላኪዎችም የሚልኩትን ሰው ከመነሣቱ በፊት ሦስቱን ነገር በጽሑፍ ይወስኑለት፤ የሥራው ወጪ ስንት እንደ ሆነ፤ የዕረፍቱ ቀን የትኛው እንደ ሆነ፤ ሲመለስ የሚያቀርበው ጽሑፍ በስንት ቀን እንደሚደርስ። ይህ የተደረገ እንደ ሆነ መንገደኛው ከባለቤቱ ጋራ በደስታ ሄዶ በክብር ይመለሳል፤ ሐሜተኛም የሚናገረው ያጣል፤ አገርም ከሁለቱ ዐይን ትጠቀማለች።